አንድ ፍሬ ቦሎቄ

እናቴ የሰፈራችንን ሰው ልትጨርስ መሆኑን የደረስኩበት በዘጠኝ ዓመቴ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከቦኖው ጀርባ ሽንቴን ልሸና ቁጢጥ ባልኩበት ነው። እናቴን በጣም ስለምወዳት ለሦስት ቀን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሦስት ቀን አፍ መያዝ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም።

የምንኖረው ወለንጪቲ ዳር፣ ግራሩ ሰፈር በምንለው ቦታ ነበር። ውሃችን ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር እየተሳበ ቦኖው ላይ ይቀዳል። ሞቅ ያለ ነው፣ ትንሽ ለስለስ ይላል፣ ጥርስ ያበልዛል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጥርሱ የሻይ ቀለም ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶቻችን ነጭ ጥርሳቸውን ሲያሳዩን የታመሙ መስለውን እናዝንላቸው ነበር። አሁን ዱከም አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ አዲስ ሰው ፊት ስስቅ ገና «የናዝሬት ልጅ ነሽ አይደል?» ይለኛል።

ቦኖውን የሚያስተዳድር የአምስት ሰው ኮሚቴ ነበር። በየሁለት ዓመቱ ይመረጣል፤ ምርጫው ደግሞ በቦሎቄ ነው። በሐጂ አብዱልሃኪም የእህል መጋዘን ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ አንድ ጣሳ ይደረደራል። ጣሳዎቹ የተለያየ ቀለም ጨርቅ ስለሚታሰርባቸው ፊደል ያልቆጠረም አይሳሳትም። ከየቤቱ አንድ ሰው አንድ ፍሬ ቦሎቄ ይዞ ብቻውን ይገባል፣ የወደደው ጣሳ ውስጥ ይጥላል፣ ይወጣል። በዚያ ዓመት ሐጂ ሊቀ መንበር፣ እናቴ ደግሞ ጸሐፊ ነበሩ። እናቴ ጤና ጣቢያ ነርስ ስለሆነች ሰዉ ሲስተር ዲንቄ ይላታል። አባቴ ቡልቡላ እያስተማረ በወር አንዴ ብቻ ስለሚመጣ የቤታችንን ቦሎቄ የምትጥለው እሷ ነበረች።

ያን ሰሞን ከቦኖው አጠገብ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ተሠራችና ሦስት ትልልቅ በርሜሎች ገቡባት። ውሃው በእነሱ ውስጥ አልፎ መውጣት ጀመረ። እማዬ በሯ ላይ ወረቀት ለጠፈች። «የፍሎራይድ ቅነሳ ፕሮጀክት ትግበራን ይመለከታል» ይላል። ከዚያ በታች ሁለት ገጽ ነበረው። እኔ ማንበብ ስለምወድ እስከ ማህተሙ ድረስ አነበብኩት፤ አንድም የገባኝ ነገር አልነበረም። ሌላ ያነበበው ሰው መኖሩን እንጃ።

ማክሰኞ ረፋድ ታዲያ፣ ቁጢጥ እንዳልኩ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሳጮልቅ እማዬንና የቦኖውን ጠባቂ ጋሽ ወዬሳን አየኋቸው። ጋሽ ወዬሳ አንድ ማዳበሪያ አንስቶ በርሜሉ ውስጥ ገለበጠ። የሚወርደው እንደ ከሰል የጠቆረ ነገር ነው። ከመሃሉ አንድ ትልቅ ቁራጭ መሬት ወድቆ ተንከባለለ። ጫፉ ክብ ነው። አጥንት ነበር።

«አጥንት መሆኑን ለሰው እንዳይናገሩ፣ ጋሽ ወዬሳ» አለች እማዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልጆቹ ይጠየፉና አይጠጡትም።»

«ለማን ብዬ እናገራለሁ? እንዲያው ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ሦስት ወር። ሦስት ወር ሲሞላው ያልቅለታል።»

የምትናገረው ስለ ከሰሉ ነበር። ሦስት ወር ካገለገለ በኋላ ማጣራቱን ስለሚያቆም ይቀየራል። እኔ ግን «አለቀለት» ሲባል የሰማሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ጎረቤታችን የነበሩት ሽማግሌ ታመው ተኝተው እማዬ መርፌ ወግታቸው ስትመለስ ለአባቴ የነገረችው ቃል ነው። በሳምንቱ ተቀበሩ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ለፎዚያ ነገርኳት። ፎዚያ የልብ ጓደኛዬ ነበረች። ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት፤ «ወላሂ» አለች። እሷም አንዲት አክስት አለቻት። አክስትየዋም ጎረቤት አላት።

ሰኞ ዕለት ዳቦ ልገዛ ብሄድ ሻጯ ለአንዲት ሴትዮ «የመቃብር አጥንት ነው አሉ» ትላለች። ትምህርት ቤት «የጠጣች ሴት አትወልድም» ተባለ። ባጃጅ ተራው ጋ ደግሞ አንዱ «እኛ ስናልቅ ቦታውን ለባለሀብት ሊሸጡት ነው፤ ሁሉም ተፈራርመዋል» ሲል ሰማሁ። አንዱም የእኔ ወሬ አልመሰለኝም። እኔ የተናገርኩት ስለ አንዲት ቁራጭ አጥንት ነው፤ ይሄ ስለ መቃብር፣ ስለ መሬት፣ ስለ ፊርማ ነው። እንግዲህ ሌላም ሰው አይቷል ማለት ነው አልኩ። ሌላ ሰው ካየ ደግሞ እውነት ነው። ሰው የራሱን ወሬ ሰፈር ዞሮ ሲመጣ እንደማያውቀው የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ዛሬም ስልኬ ላይ አንድ ነገር ከሦስት ቦታ ሲላክልኝ ያቺን ሰኞ አስታውሳለሁ።

የሚቀጥለው እሑድ ጋሽ ዲበኩሉ ሰው ሰበሰበ።

ጋሽ ዲበኩሉን ሁላችንም እንወደው ነበር። ለሃያ ዓመት የአዳማ አውቶብስ ረዳት ሆኖ «አዳማ፣ አዳማ፣ አዳማ!» እያለ የተገራ ድምፅ ነበረው። ጡረታ ሲወጣ የሠርግ ድምፅ ማጉያ ማከራየት ጀመረ፤ አንድ ሜጋፎንም ነበረው። የእያንዳንዱን ልጅ ቅጽል ስም ያውቃል። እኔን «ዶክተሬ» ይለኛል። ሚስቱ እትዬ ተሻለች ጸጥ ያለች ሴት ነበረች፤ «የሁለታችንንም ወሬ እሱ ያወራልኛል» ትል ነበር።

ግራሩ ሥር ወንበር ላይ ወጥቶ ሜጋፎኑን አፉ ላይ ደቀነ።

«ወገኖቼ፣ እኔ የተማርኩ አይደለሁም። እናንተን ግን አውቃችኋለሁ። ባለፈው ዓመት የእኛ ሰልፍ ሁሌ ወደ ኋላ ይቀራል ብዬ ለኮሚቴው አቤት አልኩ። ምን አደረጉኝ? በደብዳቤ መለሱልኝ! ፊታቸው ቆሜ እያየኋቸው በደብዳቤ!»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«እነሱ አምስት ናቸው፤ እኛ መንደሩን ሙሉ ነን። እነሱ በር ዘግተው የሚያውቁት ነገር አለ፤ እኛ የምንጠጣው ውሃ አለ። ቦሎቄ ጣሉ ይሉናል። ቦሎቄውን የሚቆጥረው ማን ነው? እነሱ! በገዛ መጋዘናቸው! ሕዝቡ እውነቱን ካወቀ ጣሳ ምን ያደርግለታል? እጁን ያውጣ፣ ይለቅ!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን እኔ ሰው በሐሜት አልከስም። በዓይኑ ያየ ሰው ካለ ይናገር።»

ያ ሁሉ ስለ መቃብርና ስለ ፊርማ ሲያወራ የነበረ ሰው ጫማውን ያያል። ይሄኔ እጄን አወጣሁ።

ለምን እንዳወጣሁ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እናቴን ለመጉዳት አልነበረም። የሠራችው ነገር ቢታወቅ ትተወዋለች፣ እኛም አናልቅም፣ እሷም አትታሰርም የሚል የራሴ ሂሳብ ነበረኝ። ደግሞም ሜጋፎኑን መያዝ እፈልግ ነበር።

ጋሽ ዲበኩሉ አንስቶ ወንበሩ ላይ አቆመኝ። ሜጋፎኑ የሲጋራና የከረሜላ ሽታ አለው። «ጥቁር አጥንት በርሜል ውስጥ ሲጨመር አይቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ከግራሩ አልፎ ሲሄድ ተሰማኝ። «እማዬ ለሰው እንዳይናገሩ አለች። ሦስት ወር ሲሞላ ያልቅለታል አለች።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ። እማዬ ከሐጂ ጎን ቆማለች፤ ፈገግ አለች። የተያዘ ሰው ፈገግታ መሰለኝና አለቀስኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ ምን አስቆሽ ነው ስላት፣ «ከዚያ ሁሉ ወሬ መሃል የአንቺ ብቻ ነበር እውነቱ፤ አንድ ቃል አልጨመርሽም፣ አንድ ቃል አልቀነስሽም። በጣም ነበር ደስ ያልሽኝ» አለችኝ። ያኔ ለማስረዳት አፏን ስትከፍት ጩኸቱ ዋጣት።

የቦሎቄው ምርጫ ይቅር፣ ጋሽ ዲበኩሉ ብቻውን ይምራ ተባለ። እጅ ሲወጣ እንደ ማሽላ ማሳ ነበር። እትዬ ተሻለችም አወጣች። ሐጂ አብዱልሃኪም የመጋዘናቸውን መጋረጃ አጣጥፈው በክንዳቸው እንደያዙ፣ «እጃችሁን ስትዘረጉ ቦሎቄያችሁ ወደቀች፣ ልጆቼ። ወደፊት ስትፈልጓት ታገኟት ይሆን?» አሉ። ብዙ ሰው አልሰማቸውም፤ ሜጋፎን አልነበራቸውም።

ቆርቆሮዋ ቤት ተቆለፈች፤ ውሃው እንደ ድሮው በቀጥታ መፍሰስ ጀመረ። መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ እንደ በዓል ነበር። ጋሽ ዲበኩሉ ጠዋት ጠዋት በሜጋፎን ሰልፍ ያስተናብራል፣ ይቀልዳል፤ ከረሜላ ያድላል። «ኮሚቴ የለም፣ ኮሚቴው እናንተ ናችሁ» ይላል። እማዬ እቤት ውስጥ ጠዋት ማታ መዘመር ጀመረች። ንስሐ እየገባች ነው ብዬ ለፎዚያ ነገርኳት። ለካ በኮሚቴው ስብሰባ ምክንያት ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ልምምድ ስትቀር ኖራ፣ አሁን ጊዜ አግኝታ ነው።

ወር ሳይሞላ ሞተሩ መንተፋተፍ ጀመረ። ጋሽ ወዬሳ ዘይት ካልተቀየረለት ይቆማል ብሎ ነበር። ጋሽ ዲበኩሉ ግን ያላጨበጨበ ሰው ምክር የጠላት ምክር ነው ብሎ አልሰማውም፤ ጋሽ ወዬሳ በዚያን እሑድ አላጨበጨበም ነበር። ሞተሩ ቆመ። «አሻጥር ነው!» ተባለ። ሜጋፎኑ አሻጥረኛ ሲፈልግ ሰነበተ። ውሃ በአህያ ጋሪ ከሩቅ መምጣት ጀመረ። የመጣውን ቀድሞ የሚቀዳው ያጨበጨበ ነው። የፎዚያ አክስት «ሞተሩ መቼ ነው የሚሠራው?» ብላ ብትጠይቅ ጋሽ ዲበኩሉ «ማን ልኮሽ ነው?» አላት። በማግስቱ የፎዚያ ቢጫ ጀሪካን ከሰልፉ ተጎትቶ ወጣ።

ፎዚያ ባዶ ጀሪካኗን እያንኳኳች ቤታችን መጣች።

«ሁሉም በአንቺ ነው» አለችኝ።

«በእኔ ምን አድርጌ?»

«የአጥንቱን ወሬ አንቺ አይደለሽ የነገርሽኝ? እኔ ለአክስቴ ነገርኩ፣ አክስቴ ለጎረቤት። መቃብር የሚባል ነገር ግን አንቺም አላልሽ፣ እኔም አላልኩ።»

ሰኞ ዕለት ዳቦ ቤት የሰማሁት፣ ያ ሁሉ ምስክር፣ የራሴው አንድ አፍ ነበር።

እማዬ በረንዳ ላይ የታናሽ ወንድሜን የአዶኒያስን ካልሲ ታጥባለች። ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሌላው ሁሉ ቢወድቅም አንድ ጭንቀት አለቀቀኝም። በደብተሬ ጀርባ ቀን እየሰረዝኩ ነበር።

«እማዬ፣ ሦስት ወሩ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ቀረው። ካቆምንም በኋላ እናልቃለን?»

«ምኑ ነው የሚያልቀው?»

«እኛ።»

ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። ሳቀች፤ ካልሲው ከእጇ እስኪወድቅ ሳቀች። ከዚያ ድንገት ሳቋን አቆመችና እርጥብ እጇን ጉንጬ ላይ አድርጋ «ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ስታስቢ ነው የከረምሽው?» አለችኝ። ወዲያው ነጠላዋን አነሳች። «ተነሺ፣ እንሂድ።»

የሄድነው ጋሽ ዲበኩሉ ቤት ነበር። በር ላይ ቁጭ ብሎ ሞተሩን የሚመስል ነገር በእንጨት መሬት ላይ ይስላል። ከስቶ ነበር። ያኔ ሊጮህብን የተዘጋጀ መሰለኝ፤ አሁን ሳስበው ግን ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ፊት ነው።

«ጋሽ ዲበኩሉ፣ የቆርቆሮዋን ቤት ቁልፍ ይስጡኝ» አለች እማዬ።

«ማን ልኮሽ ነው፣ ሲስተር?»

«ልጄ።»

ወደ እኔ አየ። እትዬ ተሻለች ከውስጥ ወጣች፤ ትከሻዋ ላይ የጀሪካን ገመድ አለ፣ ከጋሪው ተራ መመለሷ ነው። «ቁልፉን ስጣት» አለችው። «እኔም ማየት እፈልጋለሁ።» እንዲህ ረጅም ነገር ባሏ ፊት ስትናገር ሰምቼ አላውቅም።

ቁልፉን ግን አልሰጠም፤ ራሱ ይዞ ተነሳ። ስንሄድ ሰው ይከተለናል። ቦኖው ጋ ስንደርስ መንገዱ ሞልቷል። ሐጂ አብዱልሃኪምም ከመጋዘናቸው እየተጣደፉ መጡ። እማዬ በሩ እንደተከፈተ በመጀመሪያ ያደረገችው ነገር የለጠፈችውን ወረቀት መገንጠል ነው። ከዚያ የበርሜሉን ክዳን አነሳች።

«እጃችሁን አስገቡ» አለች። «የተቃጠለ አጥንት ነው። የከብት። ጥርስ የሚያበልዘውን፣ የሽማግሌዎቻችንን ወገብ የሚያጎብጠውን ነገር ከውሃው ይይዛል። ሦስት ወር ይዞ ይዞ ሲጠግብ ያልቅለታል፤ ከዚያ ይቀየራል። የዚህች የልጄ የኑኃሚንና የእኩዮቿ ጥርስ አንዴ በልዟል። ይሄ ለአዶኒያስና ለእኩዮቹ ነው፤ ጥርሳቸው ገና ከሥር ነው ያለው።»

«የከብት መሆኑን ማን ያውቃል?» አለ አንዱ ከኋላ።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ ሐጂ። «ቄራ ድረስ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ። ባልታረደ ነገር ውሃ አጣርቼ ልጆቼን አላጠጣም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም፣ ሐጂ?»

«የሚጠይቀኝ አጣሁ ብዬ ተቀመጥኩ» አሉ። «መናገሩ የእኔ ነበር።»

ጋሽ ዲበኩሉ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እስከ ብብቱ ከተተ። ጨብጦ አወጣ፣ አሸተተ፣ በጣቱ አደቀቀው። ከዚያ ላቡን ሲጠርግ ግንባሩና አፍንጫው እንደ ጀበና ጠቆረ። መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ሲስተር» አለ፣ ያለ ሜጋፎን፣ «እንዲህ ቀላል ነገር ከሆነ ለምን ቀድመሽ አላሳየሽንም? እኔ እኮ አምኜው ነበር። ልጆቻችን ሊያልቁ ነው ብዬ እንቅልፍ አልነበረኝም።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች እማዬ። «በሩን መክፈት ሲገባኝ ወረቀት ለጠፍኩበት። ለጋሽ ወዬሳም አይናገሩ አልኩ። ሰው የተደበቀበትን ነገር ይጠረጥራል።»

የዚያን ዕለት ሁሉም አመነ ብዬ ባወራ ደስ ባለኝ። ያላመኑ ነበሩ። አንዱ ሰውዬ ዛሬም ድረስ ከዚያ ቦኖ አይቀዳም።

እትዬ ተሻለች ግን ከበርሜሉ አጠገብ ሆና «ቦሎቄው ይመለስ» አለች። እጅ ማውጣት ይፈጥናል፣ ጊዜ አይበላም ያለ ሰው ነበር። እሷም፣ «እጄን ያወጣሁት ባሌ እያየኝ ነው» አለች። «መጋረጃው ውስጥ ማንም አያየኝም።»

ጋሽ ዲበኩሉ ያን የጠቆረ ፊቱን ወደ መሬት አቀረቀረ። ብዙ ሴቶች ግን ቀና ብለው እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። በሳምንቱ ምርጫ ይሁን ተባለ። ጋሽ ወዬሳ የሞተሩን ዘይት ለመቀየር በዚያው ሰዓት እጅጌውን ሰበሰበ።

ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ጣሳ ተደረደረ፤ የሚመረጡት አምስት ናቸው። ጋሽ ዲበኩሉም ተወዳደረ፤ ብዙ ሰው እንዴት ይደፍራል ብሎ አጉረመረመ። ቆጠራው እንዳለፉት ዓመታት መጋዘን ውስጥ አልተደረገም። ግራሩ ሥር ሰሌን ተነጥፎ፣ የፎዚያ አክስት ጣሳውን ሰፌድ ላይ እየገለበጠች ሰው ሁሉ እያየ ቆጠረች። ውጤቱን በሜጋፎን የሚያሰማው ጋሽ ዲበኩሉ ነው፤ እንደሱ ያለ ድምፅ ያለው ሌላ ሰው አልተገኘም። እትዬ ተሻለች ከሁሉም በላይ አገኘች። የሚስቱን ቁጥር ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ፤ ተናዶ መሰለኝ፣ ፎዚያ ግን እያለቀሰ ነው አለችኝ። ሐጂ ሁለተኛ ሆኑ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ተከተሉ። ለአምስተኛው ቦታ የሚፎካከሩት እማዬና ጋሽ ዲበኩሉ ነበሩ።

«ሲስተር ዲንቄ፣ አሥራ ሦስት» አለ።

የራሱ ጣሳ ተገለበጠ። የፎዚያ አክስት ሁለት ጊዜ ቆጠረች። «ዲበኩሉ» አለ፤ ስሙን እንደ ሌላ ሰው ስም ጠራው፤ «አሥራ አራት።»

በአንድ ፍሬ ቦሎቄ። መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስኩ። እማዬ ታጨበጭባለች፤ ሄዳም ጨበጠችው። ሽንፈቱ አእምሮዋን ነክቷት ነው አልኩ።

ጋሽ ዲበኩሉ መጥፎ የኮሚቴ አባል አልሆነም። በየሦስት ወሩ «ዛሬ አጥንት ይቀየራል፣ ማየት የፈለገ ይምጣ!» እያለ ሰፈሩን ይዞራል። ስብሰባ ላይ ጥያቄ አያልቅበትም፤ ሐጂን ያደክማቸው ነበር። አዶኒያስ አሁን ሃያ ሊሞላው ነው፤ ጥርሱ እንደ ወተት ነው፤ ፎቶ ሲነሳ አፉን አይዘጋም።

እኔ ግን ያቺን አንድ ቦሎቄ የጣለውን ከሃዲ ስፈልግ አደግሁ። ጋሽ ወዬሳን ጠርጥሬያለሁ። ዳቦ ሻጯን ጠርጥሬያለሁ። መሰላላችንን ተውሶ ያልመለሰውን ጎረቤታችንን አንድ ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኩትም።

ባለፈው ወር ለእረፍት ከዱከም ሄጄ፣ ከእማዬ ጋር ጎመን እየቀነጠስን ይህንኑ አነሳሁባት። ያ ሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ መሞቴ ነው አልኳት።

«እኔ ነኝ» አለች፣ ከጎመኑ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

«ምኑን ነሽ?»

«ቦሎቄዋን የጣልኩት። እሱ ጣሳ ውስጥ።»

ቢላዬን አስቀመጥኩ። «እማዬ፣ ለራስሽ ብትጥይው ኖሮ አሥራ አራት የምትሆኚው አንቺ ነበርሽ እኮ።»

«አውቃለሁ፤ ሂሳብ እችላለሁ። ግን ያ ሰውዬ ውጭ ቢቀር ያንን ሜጋፎን ይዞ ግራሩ ሥር መመለሱ አይቀርም። ገብቶ በርሜሉን ይጠብ፣ እውነቱን ራሱ ይይ አልኩ።»

«ገብቶ ቢያበላሸውስ? ያን ጊዜ እንዳደረገው?»

«ያን ጊዜ እኮ ማብቂያ ቀን አልነበረውም» አለችና አንድ የተበላ ቅጠል ለይታ ጣለች። «ይሄኛው ሁለት ዓመት ነው። ካበላሸ በሁለት ዓመቱ ቦሎቄዬን ይዤ እመለሳለሁ።»